ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ወርክሾፕ

ኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡25። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ማስተባበሪያ ቢሮ፣ ሃያ የማንሞላ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀምጠናል። ፊት ለፊታችን ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁልፍ የተንጠለጠለበት የቆርቆሮ ሳጥን። ሳጥኑ 4፡00 ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ የደረሰ አንድ ወጣት ኤንቨሎፑን እንዳቀፈ በር ላይ ቆሞ የመንገዱን መጨናነቅ ለጸሐፊዋ ያስረዳል። እሷም ታዝንለታለች፤ ግን ምንም ልታደርግለት አትችልም። ዘግይቶ የደረሰ ሰነድ ሳይከፈት ይመለሳል።

ከጎኔ ጎረቤቴ ጋሼ ተቀምጠዋል። በሠፈሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ስለሚጠራቸው እኔም ሌላ ስም አልሰጣቸውም። ኮልፌ ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አላቸው፤ ብየዳ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎች መኝታ 400 ተደራራቢ አልጋ ይፈልጋል። ተደራራቢ አልጋ ደግሞ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሠሩት ዕቃ ነው። እሳቸው የበየዱት አልጋ ላይ ሁለት ጎረምሳ ቢዘልበት አይንቀጠቀጥም።

4፡30 ሲሆን የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳጥኑን ከፈቱ። እያንዳንዱን ኤንቨሎፕ ወደ ላይ ከፍ እያደረጉ እሽጉ አለመነካቱን ካሳዩን በኋላ ይቀዱና የተጫራቹን ስም፣ ዋጋውን፣ ቅናሽ ካለ ቅናሹን፣ የጨረታ ማስከበሪያውን ዓይነትና መጠን ጮክ ብለው ያነባሉ። የጋሼ ተራ ስምንተኛ ነበር። ነጠላ ዋጋ 6,350 ብር፣ ጠቅላላ ዋጋ ከቫት በፊት 2,540,000 ብር። ማስከበሪያ 40,000 ብር፣ የባንክ ዋስትና፣ ለ90 ቀን የሚጸና። ይህ የመጨረሻው ሲነበብ ከኮሚቴው አባላት አንዷ ቀና ብላ ሰብሳቢውን አየቻቸው። ከዚያ መልሳ ጻፈች። እኔ አየኋት፤ ጋሼ አላዩም። አሥራ አንዱም ኤንቨሎፕ ተነቦ ሲያልቅ ዝቅተኛው ዋጋ የእሳቸው ነበር። ደረጃውን ስንወርድ ለአልጋው የሚሆነውን ብረት ከየትኛው የመርካቶ ሱቅ እንደሚገዙ እየነገሩኝ ነበር።

ደብዳቤው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ከውድድሩ ውጭ ሆነዋል። ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የጨረታ ማስከበሪያው የሚጸናበት ጊዜ በሰነዱ ከተጠየቀው አጥሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጫራች ያቀረበው ዋጋ ለተወሰነ ጊዜ ጸንቶ መቆየት አለበት፤ በዚያ ጨረታ 90 ቀን ነበር። ማስከበሪያው ግን ከዚያ በኋላ ለተጨማሪ 28 ቀን እንዲጸና ሰነዱ ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ በዘጠናኛው ቀን አሸናፊውን አሳውቆ አሸናፊው ውል አልፈርምም ቢል፣ ዋስትናውን ለመጠየቅ ጊዜ ያስፈልገዋልና። ስለዚህ ባንኩ ሊጽፍ የሚገባው 118 ቀን ነበር። የባንኩ ሠራተኛ «ለስንት ቀን ይሁን ጋሼ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ዘጠና» አሉት። ዘጠና የሚለውን ቁጥር ከሰነዱ አይተውታል፤ ሃያ ስምንት የሚለው ግን ሌላ ገጽ ላይ ነበር። ጥሬ ገንዘባቸው በባንክ የክፍያ ማዘዣ (ሲፒኦ) እንዳይያዝባቸው ዋስትናውን መምረጣቸው ብልህነት ነበር። በሲፒኦ ቢያስይዙ ኖሮ ይህ የቀን ጣጣ ባልመጣባቸው ነበር ማለቴ ግን አልቀረም።

ያን ደብዳቤ ሳነብ ያመመኝ ሌላም ነገር ነበር። ከዚያ ቀደም ለሦስት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ሰነዱን አንድ ምሽት ቀድሜ አይቼላቸው ቢሆን ኖሮ ያችን ገጽ አላልፋትም ነበር። አልጠየቁኝም፤ እኔም አምጡት አላልኳቸውም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ይኸው ቁጭት ነው።

ገምጋሚ ሆኖ ያልተቀመጠ ሰው ለማመን የሚቸግረው አንድ ነገር አለ። ኮሚቴው ወርክሾፕህን አያይም። የብየዳህን ጥራት፣ የሠራተኞችህን ብዛት፣ ደንበኞችህ ስለ አንተ የሚሉትን አያውቅም፤ ቢያውቅም በሚያውቀው መፍረድ አይፈቀድለትም። አንድ አባል «እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፣ ጎበዝ ናቸው» ብሎ ነጥብ ቢሰጥ ጥፋት ይሆናል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለኸው በወረቀቱ ልክ ነው። ለዚህ ነው ሙያ ያለው ሰው በሰነድ አዋቂ የሚሸነፈው፤ ለዚህም ነው ሙያ ያለው ሰው ሰነድ መጻፍን እንደ ሙያው አካል አድርጎ መማር አለበት ብዬ የምከራከረው። ወርክሾፑን ተሸክሞ ወደዚያ ጠረጴዛ የሚያደርሰው ሌላ ነገር የለም።

መጻፍ የሚጀምረው ከማንበብ ነው። የመንግሥት ጨረታ ሰነድ ሲገዛ ወፍራም ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን በቀጥታ ወደ ዋጋ መሙያው ገጽ ይሄዳል። ሰነዱ የራሱ አሠራር አለው። መጀመሪያ የሚመጣው የተጫራቾች መመሪያ ለተመሳሳይ ግዥ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱን በደንብ ያነበበ ሰው ለሚቀጥለው አይደክምም። ቀጥሎ ያለው የጨረታ ዝርዝር መረጃ ሠንጠረዥ ነው ሰው የሚጥለው። የዚህ ጨረታ የተለየ ነገር ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል፦ ስንት ኮፒ፣ በስንት ኤንቨሎፕ፣ ማስከበሪያው ስንትና በምን ዓይነት፣ የት ርክክብ እንደሚደረግ፣ ናሙና ይቅረብ አይቅረብ። ጠቅላላው መመሪያና ሠንጠረዡ ከተለያዩ የሚሠራው ሠንጠረዡ ነው። ከዚያ የግምገማ መስፈርቱ፣ የሚሞሉት ቅጾች፣ ዝርዝር መግለጫው፣ መጨረሻ ላይ የውሉ ሁኔታዎች ይመጣሉ። የጋሼ ሃያ ስምንት ቀን ሠንጠረዡ ውስጥ ነበረች፤ አንድ መስመር።

ሰነዱን ያነበበ ሰው ጥያቄ ይኖረዋል። በዚያው ጨረታ ላይ የአልጋው ቋሚ ብረት ውፍረት አንድ ቦታ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ 1.2 ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጋሼ ልዩነቱን አይተውታል፤ የብረት ሰው እንዴት አያይም! ቢሮው ደውለው ጠየቁ፤ ስልኩን ያነሳው ሰው «ያው ነው፣ ችግር የለውም» አላቸው። የስልክ መልስ ጨረታ ላይ ዋጋ የለውም። ማብራሪያ የሚጠየቀው በጽሑፍ፣ በተሰጠው ቀነ ገደብ ውስጥ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም መልሱን የጠያቂውን ስም ሳይጠቅስ ሰነዱን ለገዙ ሁሉ በጽሑፍ ይልካል። ብዙ ሰው ለተፎካካሪዬ ፍንጭ እሰጣለሁ ብሎ አይጠይቅም። ባለመጠየቁ ግን ሌላው በ1.2 ሲያሰላ እሱ በ1.5 ያሰላና በዋጋ ይበለጣል፤ ወይም በ1.2 ያሰላና በቴክኒክ ይወድቃል። ጠይቆ ሁሉም በአንድ ልክ ቢወዳደር የሚጠቀመው ጎበዙ ነው።

ወደ ኮሚቴው ክፍል ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ገጽ እዚያ ነው ያየሁት። ዝርዝር መግለጫውን የያዘው ቅጽ ሁለት ዓምድ አለው። በግራ የተፈለገው ተጽፏል፤ በቀኝ ተጫራቹ የሚያቀርበውን ይሞላል። ከአሥር ሰነድ ስድስት ሰባቱ የቀኙን ዓምድ ከላይ እስከ ታች «ያሟላል፣ ያሟላል፣ ያሟላል» ብለው ሞልተውት እናገኝ ነበር። አንዳንዱ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፎ ከሥሩ የመድገሚያ ምልክት ይደረድራል። ምን ያሟላል? በምን? የሚቀርበው ዕቃ ምን እንደሆነ እኮ አልተጻፈም። ገምጋሚው እንዲህ ያለውን ሰነድ ሲያገኝ ወደ ካታሎጉ ይዞራል፤ ካታሎጉ ላይ ሌላ ልክ ካገኘ «ያሟላል» የሚለው ቃል በተጫራቹ ላይ ምስክር ይሆንበታል።

አንድ ሰነድ ትዝ ይለኛል። የቢሮ መደርደሪያ ጨረታ ነበር፤ አሥራ ሰባት ተጫራች፣ ለግምገማ የተሰጠን አራት ቀን፣ ሁላችንም መደበኛ ሥራችንን እየሠራን በትርፍ ሰዓት የምንሰበሰብ። ጥራዙ ቀጭን ነበር፤ ሽፋኑም ተራ ወረቀት ነው። ግን እያንዳንዱ የግምገማ መስፈርት በሰነዳችን ቅደም ተከተል ተራ በተራ ተቀምጦ ከጎኑ ማስረጃው ያለበት ገጽ ቁጥር ተጽፏል። ቀኙ ዓምድ ላይ «ላሜራ፣ ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር፤ ካታሎግ ገጽ 14 ይመልከቱ» ይላል። ገጽ 14ን ገለጥን፤ አለ። የሥራ ልምድ የሚለውን ገለጥን፤ ሦስት የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ፣ ከእያንዳንዱ ጋር የውሉ ኮፒ። ሰባት ቀለም ያለው ፎቶ የሞላበትን ሌላውን ድርጅት ሰነድ ለመገምገም አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጅተን ነበር። ይህኛው አርባ ደቂቃ አልወሰደብንም፤ አንድም ነጥብ አላከራከረንም። ያ ተጫራች ለደከመ ገምጋሚ አዝኖ ነው የጻፈው። እንዲህ ያለ ሰነድ የሚጽፍ ሰው ዕቃውንም በጥንቃቄ ያቀርባል ብዬ ገምቼ ነበር፤ በርክክቡም አልተሳሳትኩም።

ደብዳቤ ካልኩ አይቀር፣ ጋሼ ለግል የተማሪ ማደሪያዎችና ለሆቴሎች በመቶዎች የሚቆጠር አልጋ ሠርተዋል። አንዱንም ደንበኛ «በጊዜውና በጥራቱ አስረክቧል» የሚል ማስረጃ ጻፉልኝ ብለው አያውቁም። ደንበኛ ደስ ብሎት ሲሄድ ሻይ ይጋበዛል እንጂ ማኅተም አይጠየቅም የሚሉ ሰው ናቸው። ይሉኝታ ነው። ያ ሁሉ ሥራ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ግን እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ዋጋ ላይ ጋሼን የሚያህል ሰው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ወርክሾፓቸው ውስጥ እንዴት እንደሚያሰሉ አሳዩኝ። አርኤችኤስ የሚባለው ብረት ባለ 6 ሜትር ዘንግ ሆኖ ነው የሚሸጠው። የአልጋውን እግር 1 ሜትር ከ65 ቢቆርጡት ከአንዱ ዘንግ ሦስት እግር ይወጣና 1 ሜትር ከ5 ይተርፋል። አልጋው 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የተረፈው የራስጌው አግዳሚ ይሆናል። 400 አልጋ 1,600 እግር ነው፤ 534 ዘንግ፤ ከእያንዳንዱም አንድ አግዳሚ በነፃ። ሌላው ቁርጥራጩን በኪሎ ይሸጣል፤ ጋሼ አልጋው ውስጥ ያስገቡታል። ዝቅተኛ ዋጋ የሰጡት ከጥራት ቀንሰው እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ኮሚቴው ግን ሊያውቅ አይችልም፤ ምክንያቱም የአቆራረጥ ዕቅዳቸውን አንድ ገጽ አድርገው አላያያዙትም። ዝቅ ያለ ዋጋ ሳይብራራ ሲቀር ገምጋሚን ያስፈራል።

በተቃራኒው የጭነት መኪናውን ወጪ ረስተው ነበር። ርክክቡ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው ተብሎ ሠንጠረዡ ላይ ተጽፏል። የጭነት፣ የጫኝና አውራጅ፣ እዚያ ሄዶ የመገጣጠም ወጪ 6,350 ብሩ ውስጥ አልነበረም። ይህን በኋላ አብረን ስናሰላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቢያሸንፉ ኖሮ የሚከስሩበት ሥራ ነበር። አሸንፎ መክሰር ደግሞ ከመሸነፍ ይከፋል፤ አሸናፊው ብዙውን ጊዜ የውሉን 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ አድርጎ ያስይዛል፤ ማስረከብ ሲያቅተው እሱን ያጣል፤ ከመንግሥት ግዥ እስከ መታገድም ይደርሳል። አጫጭር ውሎች በአብዛኛው የዋጋ ማስተካከያ የላቸውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት በቁርጥ ዋጋ የፈረሙና ዕቃው ገና ከውጭ ያልገባላቸው አቅራቢዎች የደረሰባቸውን ያየ ሰው፣ ዋጋ ሲሞላ ብረቱ ዛሬ ስንት ነው ብሎ ብቻ አይጠይቅም።

አሃዙን መጻፍም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነጠላ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ ሲጋጩ የሚጸናው ነጠላ ዋጋው ነው፤ አሃዝና ፊደል ሲጋጩ ፊደሉ። 6,350 ለመጻፍ አስቦ 6,035 የጻፈ ሰው በ400 አልጋ 126,000 ብር ያጣል። የነጥብ ቦታ ስህተት መሆኑ በግልጽ ከታየ ሊታረም ይችላል፤ እንዲህ ያለው ግን አይታይም። እርማቱን አልቀበልም ካለ ደግሞ ከጨረታው ወጥቶ ማስከበሪያውን ያጣል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቦታ ላይ ፊርማ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው። ሌሊት ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ጥረዛው ሊያልቅ ሲል፣ በደከመ ዓይን ዋጋ የሚቀይር ሰው ስንት አይቻለሁ!

እስካሁን ያልኩት የዕቃ ግዥ ነው፤ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል በአብዛኛው ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል። የምክር አገልግሎት ጨረታ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ ደግሞ ብዙ ባለሙያ ያለ ምክንያት ዋጋውን ይሰብራል። ለቴክኒክ 80፣ ለዋጋ 20 ከመቶ የተሰጠበትን ጨረታ እንውሰድ። አንዱ አማካሪ በቴክኒክ 90 አግኝቶ 1,200,000 ብር ጠየቀ፤ ሌላው 80 አግኝቶ 900,000። ዝቅተኛው ዋጋ ሙሉ 100 ያገኛል፤ ሌላው 900,000 ለ1,200,000 ተካፍሎ 75። የመጀመሪያው 72 ሲደመር 15፣ ሰማንያ ሰባት። ሁለተኛው 64 ሲደመር 20፣ ሰማንያ አራት። በ300,000 ብር የሚወደደው አሸነፈ። ክፍፍሉ 60 ለ40 ቢሆን ግን የመጀመሪያው 84፣ ሁለተኛው 88 ሆኖ ውጤቱ ይገለበጣል። የት ላይ መድከም እንዳለብህ የሚነግርህ ይህ ክፍፍል ነው፤ እሱም ሰነዱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚመለስልኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ጨረታው እኮ የተበላ ነው!» ይሉኛል። የተበላ ጨረታ የለም ብዬ አልዋሽም። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለፓርላማ በሚያቀርበው ሪፖርት ከሕግ ውጭ የተፈጸመ ግዥ ሳይጠቀስ የቀረበት ጊዜ አላስታውስም። አንድ ድርጅት ብቻ እንዲያሟላው ተደርጎ የተሰፋ ዝርዝር መግለጫም በዓይኔ አይቻለሁ፤ የንግድ ምልክት ከተጠቀሰ «ወይም አቻው» መባል እንዳለበት ሕጉ እያዘዘ። ይህ ያስቆጣኛል፤ ሙያተኛውን ከበር ይመልሰዋልና። ነገር ግን የተበላ ነው ብለው ከሚሄዱት ስንቶቹ የወደቁበትን ምክንያት ጠይቀዋል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 649 ቅር የተሰኘ ተጫራች በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት እንዲል፣ መልሱ ካላረካው ከዚያ በላይ እንዲሄድ መብት ሰጥቶ ነበር። አቤቱታው የሚጻፈውም እንደ ሰነዱ ነው፦ የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ገጽ፣ ምን ተጠየቀ፣ ምን አቀረብኩ። ምሬት ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ለማንም አይጠቅምም። ጋሼ አቤት ማለት ይችሉ ነበር፤ ግን ምን ይበሉ? ደብዳቤው ትክክል ነበር።

ያው አዋጅ ሌላ በርም ከፍቶ ነበር፤ እዚህ አገር ለሚመረት ዕቃ በዋጋ ንጽጽር ልዩ አስተያየት ይደረግ ነበር፤ ዕቃው እዚህ የተመረተ ነው የሚባለው ግን ከ35 በመቶ በላይ ዋጋ በአገር ውስጥ የተጨመረበት ሲሆን ነበር። ብረቱ ከውጭ ቢገባም ቆረጣው፣ ብየዳው፣ ቀለሙ እዚሁ ነው። የሚረጋገጠው ግን በሒሳብ ማስረጃ ስለነበር መዝገብ የማይዝ ወርክሾፕ መብቱን ሳይጠቀምበት ይቀር ነበር።

ዛሬ የቆርቆሮ ሳጥኑ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እየጠፋ ነው። አዋጅ ቁጥር 1333/2016 የ2001ዱን ተክቷል፤ ግዥው ኢጂፒ ወደሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ገብቷል። የኤንቨሎፕ ሰም የለም፣ ኮፒ ቤት ማደር የለም። ሰዓቱ ግን አለ፤ በር ላይ ቆሞ የሚያስረዱት ሰውም የለም። በመጨረሻዋ ሰዓት ኔትወርክ የጠፋበት ተጫራች ያን የኅዳሩን ወጣት ያስታውሰኛል።

ባለፈው ወር ወደ ጋሼ ወርክሾፕ ጎራ ብዬ ነበር። ግድግዳው ላይ፣ ድሮ የቀን መቁጠሪያ በነበረበት ቦታ፣ አምስት የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። የእህታቸው ልጅ አካውንቲንግ ተምራለች፤ አሁን ሰነዱን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ላፕቶፗን የብየዳ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ የታተመውን የጨረታ መረጃ ሠንጠረዥ አጠገቧ አድርጋ፣ ያሟላችውን መስመር ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምራለች። ጨረታው የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተደራራቢ አልጋ ነው።

ዝርዝር መግለጫው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ጋሼ፣ የእግሩ ውፍረት ስንት ልበል?»

«ያለው ነዋ! አንድ ነጥብ አምስት።»

«ይለኩልኝ።»

ጋሼ ጓንታቸውን አውልቀው ካሊፐሩን ከመሳቢያው አወጡ። ከተደገፈው ዘንግ አንዱን አንስተው ጫፉን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ለኩ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ቁጥሩን ወደ ብርሃን አስጠጉት። ከዚያ ሌላ ዘንግ አነሱና እንደገና ለኩ።

«አንድ ነጥብ አምስት፣ እናቴ። ሁለቱም።»

ጻፈችው።